ምሕረትና ትምህርት

በግእዝ ቋንቋችን ውስጥ ለጆሮ አንድ የሚመስሉ፥ ለዐይን ግን በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ግሦች አሉ። አንደኛው በሃሌታው «ሀ» የሚጻፈው መሀረ ነው፤ ትርጓሜውም አስተማረ ማለት ነው። ሁለተኛው በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው መሐረ ነው፤ ትርጓሜውም ይቅር አለ፥ ራራ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ትምህርት፥ ከሁለተኛው ምሕረት ይወጣል። በልጅነታችን የኔታ ታላላቆቹን ተማሪዎች ማታ ማታ ግስ ሲያስገስሱ እኛ ታናናሾቹ እሳቱ ዳር ተኰራምተን እናዳምጥ ነበር። እነዚህ ሁለት ቃላት በመጡ ጊዜ የኔታ ንባቡን ያቆሙና «ይኸኛው በሐመሩ ነው፤ አደራ አታሳስቱት» ይሉ ነበር። ልዩነቱን በቃል ያጠናነው ያን ጊዜ ነው፤ በኑሮ ለማወቅ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብናል። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

የተወለድነው በጎጃም ገጠር ነው። ፊደል ቈጥረን፥ መልእክተ ዮሐንስን ወጥተን፥ ዳዊት ለመድገም የበቃነው በ11 ዓመታችን ሲሆን፥ ከዚያም እንደ አገራችን ልማድ ከወላጆቻችን ቤት ርቀን ከአንድ መምህር ዘንድ ተጠጋን። በዚያ ጉባኤ ቤት 22 ተማሪዎች ነበርን። ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ አንግተን፥ በእመቤታችን ስም ቍራሽ እየለመንን፥ ከውሻ ጋራ እየታገልን እንማር ነበር። አገሩ ጅብ የሚበዛበት ስለ ነበረ የኔታ በየማታው ሳይቈጥሩን አያሳድሩንም። በያንዳንዳችን ራስ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ፥ የክርስትና ስማችንን እየጠሩ ይቈጥሩን ነበር። ቍጥሩ 22 ሲሞላ ነበር በሩ የሚዘጋው።

የኔታ ከመምህራቸው የወረሱት አንድ የብራና ዳዊት ነበራቸው። ማኅደሩ ከእጅ ብዛት የተነሣ ጠቍሮ ያብረቀርቅ ነበር። እኛ ንባባችን የቀና ስለ ነበረ፥ ከተማሪዎቹ ሁሉ መርጠው ይህን መጽሐፍ እንድንደግምበት ለእኛ አደራ ሰጡን። እኛ ግን በዚያው ወራት ልባችን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ሸፍቶ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በዋለ በሳምንቱ፥ ገና 13 ዓመት ሲሆነን፥ ሌሊት ተነሥተን ያን ዳዊት በደበሏችን ሥር ሸሸግንና ወጣን። በማግሥቱ በአንድ የገበያ ከተማ ለአንድ ነጋዴ በ70 ብር ሸጥነው። በዚያም ገንዘብ የአውቶቡስ ዋጋ ከፍለን ወደ አጎታችን ቤት ሄድን። ርቦን አልነበረም፤ ያስገደደንም ሰው አልነበረም። መሄድ ፈለግን፤ ሰርቀንም ሄድን። ይህን የምንናገረው ኀጢአትን በምክንያት መሸፈን ራሱ ሁለተኛ ኀጢአት ስለ ሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተምረን፥ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀን፥ መምህር ሆንን፤ ትዳርም መሠረትን። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ዳዊት ሲደገም በሰማን ቍጥር የዚያ የጠቈረ ማኅደር ሽታ ከአፍንጫችን ይደርስ ነበር። በመጨረሻም በ1999 ዓ.ም. የታተመ ዳዊትና ከደመወዛችን ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን፥ ከ14 ዓመት በኋላ ወደዚያች ደብር ተመለስን።

የደረስነው ሲመሽ ነበር። ድፍረት አጥተን ከጎጆው ውጭ በጨለማ ቆምን። የኔታ አርጅተው፥ ዐይናቸውም ደክሞ ነበርና፥ ተማሪዎቹን የሚቈጥርላቸው አንድ ጐረምሳ ደቀ መዝሙር ነበረ። ልጁ ቈጥሮ ሲጨርስ «17፤ ከመንገደኛው ጋራ 18» አለ። ከዚያም በሩን ሊዘጋ ሲወጣ እኛን አገኘን። ሰላምታ ከሰጠነው በኋላ መንገደኛው ማን እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ድሮ የሄደ ተማሪ አለ፤ እኛ አናውቀውም፤ የኔታ ግን እርሱ ሳይቈጠር በሩ አይዘጋም ይላሉ» አለን። ስሙንም ብንጠይቀው የራሳችንን የክርስትና ስም ነገረን።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ከዚያች ሰዓት በፊት ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ብዙ ስብከት ሰምተን ነበር። በዚያች ሌሊት ግን በዐይናችን አየነው። እኛ የኔታን ለ14 ዓመት ስንሸሻቸው፥ እርሳቸው ለ14 ዓመት በየማታው ከልጆቻቸው ጋራ ይቈጥሩን ኖረዋል። ከእኛ በኋላ መጥተው ፊታችንን አይተው የማያውቁ ሕፃናት እንኳ ጐድሎ የሚጠበቅ አንድ ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር።

ገብተን ከእግራቸው ላይ ወደቅን። ድምፃችንን ሲሰሙ የጠየቁን ስለ መጽሐፉ አልነበረም፤ «መጣህን ልጄ? እራት በልተሃልን?» አሉን። እያለቀስን ሁሉን ከተናዘዝን በኋላም «ለመጽሐፉስ ምትክ ይገኝለታል፤ ለአንተ ምትክ ከየት ይመጣ ነበር?» አሉ። ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ያልጠበቅነው ነበር። እራት ከበላን በኋላ «በል እንግዲህ፥ ዳዊትህን ድገምልኝ» ብለው አዘዙን። ዘንግተነው ነበርና በየቦታው ስንሳሳት፥ ልክ እንደ ልጅነታችን ጊዜ፥ ከበድ ባለ ድምፅ እየመለሱ አረሙን። ያመጣነውንም ገንዘብ «አይሆንም» አላሉም፤ ተቀብለው ለተማሪዎቹ ልብስ እንዲገዛበት አዘዙ። ምሕረታቸው ዕዳውን እንደሌለ አላደረገውም፤ ተግሣጻቸውም ፍቅራቸውን አላጐደለውም። መሀረና መሐረ በአንድ ሽማግሌ ልብ ውስጥ አብረው አድረው ነበር።

135ኛው መዝሙር ላይ በደረስን ጊዜ ድምፃችን ተቋረጠ። ይህ መዝሙር 26 ቍጥሮች አሉት፤ በያንዳንዱም ቍጥር መጨረሻ የአምላክ ምሕረት ለዘለዓለም እንደ ሆነ ይመሰክራል። ፀሓይና ጨረቃ ስለ መፈጠራቸው ቢናገር፥ ስለ ባሕረ ኤርትራ መከፈል ቢናገር፥ ስለ ታላላቅ ነገሥታት መውደቅ ቢናገር፥ ሥጋ ለባሽም ሁሉ ምግቡን ስለ ማግኘቱ ቢናገር፥ መመለሻው ያው አንድ ቃል ነው። በልጅነታችን መደጋገሙ ያሰለቸን ነበርና ፈጥነን እናልፈው ነበር። ያን ሌሊት ግን 26 ጊዜ መነገሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ገባን። ሰው ፍቅርን አንድ ጊዜ ሲነግሩት አያምንም፤ እንደ ተማሪ በየማታው ስሙን መጥራት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ምሕረትን የማይረሳ ይመስላችኋል። እኛ ግን ረሳነው።

የምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለያንዳንዱ ክፍል አንድ ስም ጠሪ መምህር ይመድባል። ሥራውም በየጧቱ መዝገብ ይዞ የተማሪዎቹን ስም መጥራት፥ የቀረውንም ምልክት ማድረግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል ስም ጠሪ ሆነን ሳለ፥ አባቱ ለሞተበት አንድ ተማሪ ጓደኞቹ 1,850 ብር አዋጥተው በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አኖሩ። በማግሥቱ ገንዘቡ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አንድ የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን ወደ ቢሮአችን መጥቶ የወሰደው እርሱ መሆኑን ተናገረ። የተረፈውን 600 ብር ከጠረጴዛው ላይ አኖረ። በቀረው ምን እንዳደረገበት ብንጠይቀው ወደ እግሩ ተመለከተ፤ አዲስ ጫማ ገዝቶበት ነበር።

ቍጣችን እጅግ ነደደ። የተሰረቀው የሐዘንተኛ ገንዘብ ነበርና ቍጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዲስፕሊን ኮሚቴው በማስጠንቀቂያ ይታለፍ ወይስ ይባረር ብሎ የእኛን አሳብ በጠየቀ ጊዜ፥ ለሌሎቹ መቀጣጫ እንዲሆን ይባረር አልን። ኮሚቴውም በቃላችን ፈረደ። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶ አንሥተን፥ በመዝገቡ ላይ በልጁ ስም ላይ መሥመር አሰመርንበት። መሥመሩን በማስመሪያ አስተካክለን ማስመራችን እስከ ዛሬ ትዝ ይለናል።

በየካቲት ወር ጾመ ነነዌ ገባ። የዚህ ጾም ሦስት ቀን ሁላችንም እንደምናውቀው የነነዌ ሰዎች ንስሓ የሚታሰብበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለቤተ ሰባችን ትንቢተ ዮናስን ማንበብ ልማዳችን ነው፤ መጽሐፉ አራት ምዕራፍ ብቻ ስለ ሆነ በአንድ ማታ ያልቃል። ልጆቻችን የሚወዱት የዓሣ አንበሪውን ታሪክ ነው። ያን ማታ ግን እኛን የያዘን አራተኛው ምዕራፍ ነው። እግዚአብሔር ነነዌን በማረ ጊዜ ከሰማይ በታች የተቈጣ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ራሱ ከዓሣ አንበሪ ሆድ በምሕረት የወጣው ዮናስ ነው። ለራሱ ምሕረትን ሲለምን ሦስት ቀን ጸለየ፤ ለሌሎቹ ምሕረት ሲደረግ ግን ሞትን ተመኘ። እግዚአብሔርም ስለ አንዲት ቅል ያዘነውን ነቢይ፥ ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩ ከ120,000 ስለሚበልጡ ሰዎች እርሱ እንዳያዝን እንዴት ይፈልጋል ብሎ ጠየቀው። መጽሐፉም በዚህ ጥያቄ ያበቃል። ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም። ምናልባት መልሱን እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ኑሮ እንዲጽፈው ይሆናል።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤታችን ቡናውን እየከደነች «የዚያ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» አለች። መባረሩን ያን ጊዜ ነገርናት። ብዙ ዝም አለችና «እርሱ እንኳ መጥቶ ለመናገር ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀበት፤ አንተን ግን 14 ዓመት ፈጅቶብሃል» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ሌላም ቃል አላስፈለገም።

እንቅልፍ ስለ እንቢ አለን መብራት አብርተን፥ የማቴዎስን ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ገለጥን። በዚያ ምዕራፍ ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር ማለት እንደሚገባው ጠየቀ፤ ጌታም በሰባት ላይ ሳይወስነው ሰባ ጊዜ ሰባት አድርሶ ከቍጥር አወጣው። ቀጥሎም እልፍ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር የተበደረውን ጓደኛውን አንቆ እንደ ያዘ በምሳሌ ተናገረ። የሒሳብ መምህር እንደ መሆናችን መጠን እርሳስ አነሣንና አሰላነው። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፤ አንድ መክሊትም 6,000 ዲናር ያህላል። እንግዲህ እልፍ ወይም 10,000 መክሊት ማለት 60,000,000 የሥራ ቀን ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራበት 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። ይህን ዕዳ ሰው በዕድሜው ሠርቶ ሊከፍለው አይችልም።

ሌላውን ደግሞ ተመልከቱ። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ቤተ ሰብ ያለው ሰው የመቶ ቀን ደመወዙን ቢያጣ ይቸገራል። ጌታችን በምሳሌው የጓደኛውን ዕዳ ከንቱ አላደረገውም። ሰው የበደለን በደል እውነተኛ በደል ነው፤ የሚያምም ነው። ነገር ግን 60,000,000ውን ለ100 ብናካፍለው 600,000 ይሆናል። የተተወልን ከተበደልነው ስድስት መቶ ሺህ እጥፍ ነው ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን እግዚኦታ ሲደርስ 41 ጊዜ ምሕረትን እንለምናለን። በዚያ ልመና ውስጥ ያለው ቃል ደግሞ ያው በሐመሩ የሚጻፈው ቃል ነው። 41 ጊዜ ለራሳችን የለመንነውን አንድ ጊዜ ለልጁ ነፍገነው ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ልጁን ፍለጋ ወጣን። በአውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ሲሸከም እንዳዩት ተማሪዎች ነገሩን። ስንደርስ ከሩቅ አየንና ሸክሙን ጥሎ ሸሸ። በሁለተኛው ቀንም ከመኪኖቹ ኋላ ተሸሸገ። አዳም በገነት ዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ እግዚአብሔር ወዴት እንዳለ እየጠየቀ የፈለገው ስፍራውን ስላላወቀ አልነበረም፤ የሸሸ ሰው የሚፈልገው እንዳለ በጆሮው መስማት ስለሚያስፈልገው ነው። በሦስተኛው ቀን የልጁን ስም ጮክ ብለን ጠራን፤ በመዝገቡ ላይ እንደ ተጻፈ፥ ከነአባቱ ስም። ያን ጊዜ ቆመ።

ወደ እኛ መጥቶ ከኪሱ በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ አወጣና «ጋሼ፥ ገና 400 ብቻ ነው፤ እሞላዋለሁ» አለ። ስለ ገንዘቡ እንዳልመጣን ነገርነው። ከዚያም በመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠን፥ ለተማሪ ተናግረነው የማናውቀውን የዳዊቱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «የኔታ በእውነት ሁልጊዜ ይቈጥሩዎት ነበር?» ብሎ ጠየቀን። በእውነት ይቈጥሩን እንደ ነበረ መለስንለት።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገና መጀመሩ ነበርና፥ ኮሚቴው ፊት ቀርበን የተሳሳተው ቅጣት ከእኛ አሳብ የመጣ መሆኑን አመንን፤ ውሳኔውም እንዲሻሻል ለመንን። ልጁ በክፍሉ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ፥ የቀረውንም ገንዘብ እስከ ሰኔ ድረስ ሠርቶ እንዲከፍል ተወሰነ። በገባበት ጧት ከጥቍር ሰሌዳው ፊት ቆሞ፥ አንገቱን ደፍቶ፥ ይቅርታ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ ልንናገር ስንል፥ ያ አባቱ የሞተበት ልጅ በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ከአጠገቡ ስፍራ ለቀቀለት። በዚያ ክፍል ውስጥ የዚያን ቀን መምህሩ እርሱ ነበረ።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ የማያልቀውን የእግዚአብሔርን ፍቅር ስናስብ ሁለት ስሕተቶች ያገኙናል። አንደኛው፥ መሐሪ ነውና እንደ ወደድን እንኑር ማለት ነው። ይህ ምሕረትን ያለ ትምህርት መፈለግ ነው። ጌታ በመስቀል ላይ የዋለው ኀጢአት ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ ከባድ ስለ ሆነ እርሱ ራሱ ተሸከመው እንጂ። ሁለተኛው ስሕተት፥ እንደ እኛ ያለውን ኀጢአተኛ ፍቅሩ ሰልችቶታል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ትምህርትን ያለ ምሕረት መያዝ ነው። የሰው ፍቅር የሚያልቀው የሚነሣው ከተወዳጁ መልካምነት ስለ ሆነ ነው፤ መልካምነቱ ሲጐድል ፍቅሩም ይደርቃል። የእግዚአብሔር ፍቅር ግን ምንጩ እርሱ ራሱ ስለ ሆነ የእኛ ክፋት አያደርቀውም። የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ከሩቅ ያየው በአጋጣሚ አይመስለንም፤ በየቀኑ መንገዱን ይመለከት ስለ ነበረ ነው እንላለን። በአገራችን ሽማግሌ በአደባባይ አይሮጥም፤ ነውር ነው። ያ አባት ግን ሮጠ።

በየቤታችሁ አንድ የጐደለ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ተቈጥቶ የሄደ ልጅ፥ በርስት የተጣላችሁት ወንድም፥ ስሙ በማዕድ የማይነሣ ዘመድ። በደሉን ትንሽ ነው አንላችሁም፤ የመቶ ቀን ደመወዝ ያህል ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስታረቅ ባትችሉ እንኳ፥ ማታ ለጸሎት ስትቆሙ ስሙን ከልጆቻችሁ ስም ጋራ ጥሩ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት እርሱም ይቈጠር።

የኔታ ዛሬ በሥጋ የሉም። ያ የብራና ዳዊትም የት እንደ ደረሰ እግዚአብሔር ያውቃል። ያ ልጅ ግን ዕዳውን በሰኔ ጨረሰ። የመጨረሻዎቹን 50 ብሮች ባመጣበት ቀን ያ ጫማ ከእግሩ ላይ አልቆ ነበር። በመዝገቡ ላይ ስሙን በቀድሞው ስፍራ መመለስ አልተቻለንም፤ ቀዩ መሥመር አይጠፋምና ከሁሉ በታች በ54ኛው ቍጥር እንደ ገና ጻፍነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየጧቱ መዝገቡን ይዘን ሌሎቹን ሁሉ ከጠራን በኋላ፥ 54ኛውን ስንጠራ ድምፃችንን ትንሽ ከፍ እናደርግ ነበር። እርሱም ከመጨረሻው ወንበር «አቤት» ይል ነበር።

የጠፉትን በስማቸው የሚጠራ፥ ከመቍጠርም የማይደክም አምላካችን እግዚአብሔር ምሕረቱን ያስተምረን፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።